ከመምህራኑ ፈተና በፊት የልጆቹን ደብተር ክፈቱ

በ2010 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ደጋማ ወረዳዎች በአንዱ፣ አጎራባች ትምህርት ቤቶችን የሚያስተሳስር የጉድኝት ማዕከል ሱፐርቫይዘር ነበርኩ። የመጀመሪያ ደረጃ መምህራንን በሒሳብ ልዩ ባለሙያነት የማሠልጠን ሥራ ሲሰጠኝ ደስ አለኝ። ከዚያ በፊት 11 ዓመት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምሬአለሁ፤ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው የሒሳብ መምህራንን ማሠልጠን የሚያቅተው አልመሰለኝም። ያኔ አንድ ሰው እጄን ይዞ «ተው» ቢለኝ ኖሮ ስድስት መምህራን ከሥልጠናው ባልቀሩ ነበር። ይህን የምጽፈው በቅርቡ ይኸው ሥራ ለሚሰጠው ሰው ነው።

ዓላማው ግልጽ ነበር። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት ያስተምራል። ከየትምህርት ቤቱ አንድ ሁለት መምህራን በሒሳብ ጠለቅ ብለው ቢሠለጥኑ ለሌሎቹ ይተርፋሉ የሚል ሐሳብ ነው። ምልመላው በርዕሳነ መምህራን በኩል አለቀ። ክፍል ተገኘ፣ ጠመኔና ወረቀት ተገዛ፣ የአበሉ ጉዳይም ከአንድ ወር ምልልስ በኋላ ተፈታ። 22 መምህራን ተመዘገቡ።

ስህተቱን የሠራሁት በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት ነው። የተሰጠኝ መመሪያ ሥልጠናው በመነሻ ፈተና ይጀመር ይላል። እኔም 20 ጥያቄ አዘጋጀሁ፤ ከወረቀቱ አናት ላይም «ስም» የሚል መስመር አሰመርኩ። የጸጸተኝ ከጥያቄዎቹ ሁሉ ይልቅ ይህ መስመር ነው።

17ኛው ጥያቄ «3½ ÷ ½ ስንት ነው? ለስሌቱ የሚስማማ ታሪክ ከዕለት ኑሮ ጻፉ» የሚል ነበር። 19ኙ 7 ብለው በትክክል መለሱ፤ ሁለተኛውን ክፍልፋይ ገልብጦ ማባዛትን ሁሉም በቃላቸው ያውቁታል። የሚስማማ ታሪክ የጻፉት ግን ሦስት ብቻ ነበሩ። 26 ዓመት ያገለገለች አንዲት መምህርት «አንዲት እናት ሦስት ተኩል ኪሎ ቡና ገዝታ ከጎረቤቷ ጋር በግማሽ ተካፈለች» ብላ ጻፈች። በዚህ ታሪክ ለእያንዳንዳቸው የሚደርሳቸው አንድ ኪሎ ከሦስት ሩብ ነው፤ ሰባት ከየትም አይመጣም። ትክክለኛው ታሪክ ቡናው ግማሽ ኪሎ በሚይዝ ከረጢት ቢሞላ ስንት ከረጢት ይወጣዋል የሚለው ነበር። በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ የኤክስ ምልክት አደረግሁበት።

በዚያው ሳምንት አንድ የሥራ ኃላፊ ውጤቱን እንድልክለት ጠየቀኝ። ለምን እንደፈለገው አልጠየቅሁም። በስም ዝርዝር፣ ከከፍተኛ ወደ ዝቅተኛ አሰልፌ ላክሁለት። ከአሥር ቀን በኋላ የአካባቢው መምህራንና ርዕሳነ መምህራን በተሰበሰቡበት ቆሞ አነበበው። «ከ20 ስምንት የሚያመጣ መምህር ነው ልጆቻችንን የሚያስተምረው» ካለ በኋላ ስም መጥራት ጀመረ። ሦስተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ተነሥቼ «ይህ ወረቀት ለዚህ አልተዘጋጀም» ማለት እችል ነበር። አልተነሣሁም። ያ ሰው ክፍል ገብቶ አንድም ቀን ልጆች ሲማሩ ሳያይ የመምህራንን ስም በአደባባይ ማንበቡ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ የራሴ ዝምታ ግን ከዚያ ይብሳል።

በተከታዩ ቅዳሜ የመጡት ዘጠኝ ነበሩ።

ይቅርታ ልጠይቅ መምህርቷ ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት ሄድኩ። በዕረፍት ሰዓት የ4ኛ ክፍል ደብተር ከፊቷ ከምራ ስታርም አገኘኋት። «እትዬ፣ አጥፍቻለሁ» አልኳት። ቀና ብላ ሳታየኝ፣ «ልጄ፣ አላወቅሽም ብትለኝ እቀበል ነበር። በሰው ፊት ለምን?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ቆይታ ደግሞ፣ «ለመሆኑ በግማሽ አካፍዪ ስትለኝ ለሁለት ክፈዪ ማለትህ አይደለም እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። በአማርኛችን በግማሽ መካፈል ለሁለት መካፈል ነው፤ ገበያም ላይ፣ ቤትም ውስጥ። ምልክቱን ወደ ቋንቋዋ መለሰችውና ቋንቋው ወደ ሌላ ሒሳብ ወሰዳት። እኔ አለማወቅ ብዬ ያረምኩት ይህንን ነው።

ከዚያ አንድ ደብተር ገልጣ አሳየችኝ። ልጁ ½ + ⅓ = 2/5 ብሎ ጽፏል። «ትናንት ለምን እንዲህ ሠራህ ብለው፣ ቲቸር እርስዎም እንዲህ ነው የሚደምሩት አለኝ» አለችና ወደ ኋላ ገለጠች። እውነትም በራሷ ቀይ ቀለም፣ ከሁለት ጥያቄ አንድ ላገኘው 1/2፣ ከሦስት አንድ ላገኘው 1/3፣ ከሥር ድምሩን 2/5 ብላ ጽፋለታለች። ልጁ ያየውን ነው የደገመው። ማርክ ሲደመር ልክ ነው፤ ክፍልፋይ ሲደመር ስህተት ነው፤ አጻጻፉ ግን አንድ ነው።

ያንን ገጽ ለምኜ ገለበጥኩት። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ያሰናዳሁትን ትምህርት ትቼ፣ የልጁን ስም ሳልጠቅስ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩና «ልጁ ምን አስቦ ነው?» ብቻ አልኩ። ክርክሩ አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። አንዱ መምህር፣ የገበሬ ልጅ ነው፣ ተነሥቶ እኩልና ሲሶ አመጣ። ከአንድ ኩንታል ጤፍ እኩሌታው 50 ኪሎ፣ ሲሶው 33 ኪሎ ገደማ፤ ሁለቱን የወሰደ ሰው 83 ኪሎ ይዞ ይሄዳል። 2/5 ግን 40 ኪሎ ነው፤ ሲሶ ተጨምሮበት ከእኩሌታው አነሰ! አምስት ስድስት ሰው በአንድ ላይ «አሃ» አለ። ማርኩ ላይ የሁለት ጥያቄና የሦስት ጥያቄ ሁለት የተለያዩ ሙሉዎች አሉ፤ ጤፉ ላይ ግን ሙሉው አንዱ ኩንታል ነው። ይህን የተናገሩት መምህራኑ ናቸው፤ እኔ አይደለሁም።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቅዳሜ በደብተር ተጀመረ። 52 − 27 = 35 የሚል ልጅ ከየትምህርት ቤቱ መጣ፤ ከሁለት ሰባት ሲያቅተው ከሰባት ሁለት የሚቀንስ። ለቦታ ዋጋ ደግሞ ፳፬ን በ፲፫ በግዕዝ ቁጥር ብቻ አባዙ አልኳቸው። ዜሮ በሌለበት፣ የአሥርና የመቶ ምልክቱ ራሱን የቻለ በሆነበት አጻጻፍ ሲቸገሩ ዋሉና፣ በውጤቱ፣ በ312 ውስጥ፣ 3 ሦስት መቶ የሚሆነው ስለ ቆመበት ቦታ ብቻ መሆኑን ለልጆች እንዴት እንደሚያስረዱ ራሳቸው ነገሩኝ።

መመሪያው በሒሳብ ዲፕሎማ ያላቸውን ወጣቶች ምረጡ ይላል። እኔ 1ኛና 2ኛ ክፍል ለረጅም ዓመት ያስተማሩትን ምረጡ እላለሁ፤ ስሌቱ በወር ይሞላል፣ ልጅ እንዴት እንደሚያስብ ማወቅ ግን ዓመታት ይፈጃል። ክረምት ላይ ደብረ ብርሃን ወስዳችሁ ሁለት ሳምንት አታጭቁባቸው፤ በክረምት የተማሩትን የሚሞክሩበት ልጅ የለም። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ይሻላል። በዓመት 60 ሰዓት የሚባለው የሙያ ማሻሻያም ፖርትፎሊዮ የሚባለውን የማስረጃ ማኅደር በመሙላት እንዳያልቅ ተከላከሉላቸው። መፈተን ግድ ከሆነ ወረቀቱ ስም አይኑረው።

ከ22ቱ 16 ጨረሱ። መምህርቷ በሦስተኛው ቅዳሜ ደብተሮቿን በፌስታል ይዛ መጣች። ከቀሩት ስድስት አንዱ፣ ስሙ መጀመሪያ የተጠራው ወጣት፣ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ ከሩቅ እጁን አንሥቶ ያልፈኛል። ለሁለተኛው ዙርም የመነሻ ፈተና ውጤት በስም ዝርዝር እንድልክ ደብዳቤ ደረሰኝ። የላክሁት የተገኙበትን ቀን የሚያሳይ የፊርማ ዝርዝር ብቻ ነው።