ጌም ውስጥ እጣው ቀድሞ ተሰልፏል

ኮምፒውተር እጣ አያወጣም፤ ያሰላል። ጌሙ ‹ራንደም› ብሎ የሚያመጣው እያንዳንዱ ቁጥር ከበፊቱ ቁጥር ተሰልቶ የተገኘ ነው። የመጀመሪያው መነሻ ሲድ ይባላል። ሲዱን ያወቀ ሰው ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ያውቃል።

ፖኬሞን ኤመራልድ የተባለውን ጌም (2004) እንመልከት። ስሌቱ አጭር ነው፦ ያለፈውን ቁጥር በ1,103,515,245 ያባዛል፣ 24,691 ይደምራል፣ ከውጤቱ የታችኞቹን 32 ቢቶች (0 ወይም 1 የሆኑ የኮምፒውተር አሃዞች) ይይዛል። የቁጥሮቹ ሰልፍ ዞሮ መነሻው ላይ የሚደርሰው ከ4,294,967,296 እርምጃ በኋላ ነው። ለእጣው ግን የሚወሰዱት ከ32ቱ የላይኞቹ 16 ቢቶች ብቻ ናቸው፤ ይህ ትልቅ ጥንቃቄ ነው። በዚህ ዓይነት ስሌት የመጨረሻዋ ቢት 0፣ 1፣ 0፣ 1 እያለች ትፈራረቃለች፤ ሙሉውን ቁጥር ለ2 አካፍሎ በቀሪው የሚወስን ጌም አንዴ አዎ አንዴ አይ እያለ ይቀጥላል።

ኤመራልድን ያጋለጠው ሲዱ ነው። ጌሙ በተከፈተ ቁጥር ከ0 ይነሳል፤ ከዚያም በየፍሬሙ (ስክሪኑ ላይ ምስሉ በታደሰ ቁጥር)፣ ማለትም በሴኮንድ 60 ጊዜ ገደማ፣ ሰልፉ ወደፊት ይሄዳል። ስለዚህ ተጫዋቾች ሰዓት ይዘው፣ ከተከፈተበት ቅጽበት ቆጥረው፣ በተፈለገው ፍሬም ላይ ቁልፍ በመጫን ከ8,192 አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኘውን ባለልዩ ቀለም ፖኬሞን ሆን ብለው ያወጣሉ።

ሌላው ብዙ ጌም የሚያበላሸው ስህተት የሚፈጠረው ትልቁን ቁጥር ወደሚፈለገው መጠን ማሳነስ ላይ ነው። ከ0 እስከ 255 የሚሰጥ ባለ8 ቢት ቁጥር ይዘን ለ100 አካፍለን ቀሪውን ብንወስድ፣ ከ0 እስከ 55 ያሉት እያንዳንዳቸው በ3 መንገድ ይመጣሉ፣ ከ56 እስከ 99 ያሉት በ2 ብቻ። ‹ከ30 በታች ከሆነ ሽልማት ስጥ› ብለን የጻፍነው 30 በመቶ ዕድል 35 በመቶ ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ 200 እና ከዚያ በላይ የመጣውን ጥሎ እንደገና ማውጣት።

ሲድ አንዴ፣ ጌሙ ሲጀምር ብቻ ይሰጥ። እጣ በወጣ ቁጥር ከሰዓቱ ሴኮንድ ሲድ የሚወስድ ኮድ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ የፈጠራቸውን ጠላቶች በሙሉ አንድ ዓይነት ያደርጋቸዋል። ሲዱን ሎግ (የጌሙ መዝገብ ፋይል) ላይ መጻፍም ይጠቅማል፤ ተጫዋች ያገኘውን ስህተት በዚያው ሲድ ደግሞ ማየት ይቻላል። በገንዘብ የሚወራረዱበት ጨዋታ ከሆነ ግን ይህ ስሌት አይነካ፤ ጥቂት ውጤቶችን ያየ ሰው ቀጣዩን ያሰላል። እዚያ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን የምስጢር ቁልፍ ማመንጫ መጠቀም ግዴታ ነው።