የስኳር ፋብሪካ አመድ የልስን ስንጥቅ የሚቀንሰው መቼ ነው?

ልስን ደርቆ ሳምንታት ሲቆይ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ሲሚንቶና ውሃ ስለበዛበት ነው። ትርፉ ውሃ ሲተን ሲሚንቶው ይኮማተራል፤ አሸዋውና ግድግዳው ስለሚይዙት ይሰነጠቃል። አመድ የሚጠቅመው ሲሚንቶውን ሲተካ ውሃ ካልጨመረ ብቻ ነው።

አመድ ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም። የድንጋይ ከሰል በራሪ አመድ ቅንጣቱ ድቡልቡል ስለሆነ ሞርታሩ (የሲሚንቶ፣ የአሸዋና የውሃ ቡኮው) ባነሰ ውሃ ይታሻል። ከወንጂ፣ ከመተሐራ ወይም ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ቦይለሮች የሚወጣው የባጋስ (ተጨምቆ የቀረ የሸንኮራ አገዳ) አመድ ግን ሸካራና ቀዳዳ የበዛበት ነው። ሳይፈጭ ከገባ ውሃ ይጠጣል፣ መኮማተሩንም ያባብሳል።

ስለዚህ አድርቁት፣ ንፉት፣ ከዚያ በቦል ሚል (በብረት ኳሶች በሚፈጭ ወፍጮ) አስፈጩት፤ በ45 ማይክሮን (ቀዳዳው እጅግ ደቃቅ በሆነ) ወንፊት ላይ የሚቀረው ከ34 በመቶ አይብለጥ። አንድ ማንኪያ አመድ በብርጭቆ ውሃ በትናችሁ ተመልከቱ። ጥቁር ብናኝ ከላይ ተንሳፍፎ ከቀረ ያልተቃጠለ ከሰል አለበት፤ ውሃውን የሚጠጣው እሱ ነው። ላቦራቶሪ ካለ 100 ግራም ደረቅ አመድ በ750 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቃጠል። ከ6 ግራም በላይ ከጎደለ ለልስን አላስገባውም።

መጠኑን ከ10 በመቶ ጀምሩ፦ 45 ኪሎ ኦፒሲ (ተራ ፖርትላንድ) ሲሚንቶ ከ5 ኪሎ አመድ ጋር። አመድ ቀላል ስለሆነ በሳጥን አትስፈሩት፣ በሚዛን ይሁን። ሁለቱ በደረቁ ቀለማቸው አንድ እስኪሆን ይደባለቁ፣ አሸዋው ከዚያ በኋላ ይግባ። ፒፒሲ (ፖዞላና ያለበት ሲሚንቶ) ላይ አትጨምሩ፤ ፋብሪካው አስቀድሞ ፑሚስ የመሰለ ፖዞላና፣ ማለትም እንደ አመዱ ከኖራ ጋር የሚዋሃድ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ፈጭቶበታል፣ ሌላ ሲታከልበት ጥንካሬው ይወርዳል።

ትልቁ ፈተና ውሃው ነው። መጀመሪያ ያለ አመድ አንድ ቅልቅል አቡኩና ስንት ሊትር እንደወሰደ ጻፉ። ባለ አመዱ ለዚያው ልስላሴ ከዚያ በላይ ከጠየቀ አመዱ ገና አልተፈጨም ወይም ከሰሉ በዝቷል። ሠራተኛው ውሃ እንዲጨምርበት አትፍቀዱ።

ልስኑ በተለሰነ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከተሰነጠቀ ግን ጥፋቱ የነፋስና የፀሐይ ነው። አመድ ይህን አያድንም፤ መጠንከሩን ስለሚያዘገይ እንዲያውም ያባብሰዋል። በበጋ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታውን ግድግዳ ጠዋት አትለስኑ፣ በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑ። አመዱ ከሲሚንቶው ኖራ ጋር ቀስ ብሎ ስለሚዋሃድ ቢያንስ 7 ቀን ሳያቋርጡ ውሃ ማጠጣት ግድ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ከቆመ አመዱ ተራ ዱቄት ሆኖ ይቀራል።