ሳነቴ ላይ ቀበሮ መፈለግ ትቻለሁ

ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ መፈለግ ከተውኩ ወዲህ ቀበሮ በደንብ እያየሁ ነው። አሁን የምፈልገው ፍልፈል ነው። ፍልፈል የበዛበት ቦታ መኪናውን አቁሞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ለጠበቀ ሰው ቀበሮው ራሱ ይመጣል። ሁሌ ይመጣል አልልም፤ ብርድ ጠጥቶ መመለስም ያለ ነው። ግን ዓይኔን ሜዳው ላይ ዝም ብዬ ሳንከራትት ከነበረበት ጊዜ ጋር አይወዳደርም።

ላልሄዳችሁ ቦታውን ላስተዋውቅ። ሳነቴ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አናት ነው። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚሄደው መንገድ መሃሉን ሰንጥቆት ያልፋል። ከፍታው 4,000 ሜትር አካባቢ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ 4,377 ይደርሳል። ከጎባ ስትወጡ መጀመሪያ ጥድና ኮሶ፣ ቀጥሎ አስታ ታያላችሁ። ከዚያ ዛፍ የሚባል ነገር ያልቅና ጅብራ ብቻ ተገትሮ ይቀራል። ሳፋሪ ሲባል ማሳይ ማራና አንበሳ ለሚታየው ሰው ትንሽ ግር ይላል። እዚህ የምንጠብቀው አዳኝ 20 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ግን በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው፤ ሁሉም ያሉት እኛው አገር ነው፣ ከግማሽ በላዩ ደግሞ ባሌ። አንበሳ ሌላ ቦታ ይገኛል።

በመጀመሪያ የገባኝ የሰዓቱ ነገር ነው። አዋሽ ፓርክ ሳላ ለማየት የለመደ ሰው ጎህ ሳይቀድ ይነሳል። ሙቀቱ ሲበረታ እንስሳው ሁሉ ጥላ ስር ስለሚገባ ልክ ነው። ሳነቴ ግን ሌላ ዓለም ነው። በበጋ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጠዋት ሣሩ ውርጭ ለብሶ ነው የሚያድረው። አይጡም ፍልፈሉም ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቀው አይወጣም። የቀበሮው ምግብ ከሞላ ጎደል እነሱ ስለሆኑ እሱም አደኑን የሚጀምረው እነሱ ሲወጡ ነው። በማለዳ የሚታየው የመንጋው ጉዳይ ነው። አብረው ይነሳሉ፣ ይላፋሉ፣ ይጮሃሉ፣ ክልላቸውን እየዞሩ ሽንታቸውን ይረጫሉ። ከዚያ ይበታተኑና እያንዳንዱ ለብቻው ያድናል። ስለዚህ መንጋ ማየት የፈለገ ማልዶ ይውጣ፤ አደን ማየት የፈለገ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ይቀመጥ። ምሳ ቋጥራችሁ ውጡ። ለምሳ ብሎ ጎባ መውረድ ዋናውን ነገር ጥሎ መሄድ ነው።

ቀጥሎ መሬቱን ማየት ለመድኩ። ግዙፉ ፍልፈል ከባሌ ውጪ የትም የለም። ክብደቱ ወደ አንድ ኪሎ ሊጠጋ ይችላል። የሚኖረው መሬት ውስጥ ቢሆንም ሣር የሚለቅመው ላይ ወጥቶ ነው። ትኩስ የተገፋ ጥቁር አፈር፣ ዙሪያው የተላጨ ቀዳዳ ካያችሁ እዚያ ቁሙ። አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍም አለች። ቀዳዳው አጠገብ ቆማ ፍልፈሉ አፈር ሲገለብጥ የሚወጡትን ነፍሳት ትለቅማለች። አደጋ ስታይ ትጮሃለች፣ ፍልፈሉም ወደ ውስጥ ይሰወራል። እኔ አሁን አቅራቢ መነጽሬን መጀመሪያ የማሳርፈው እሷ ላይ ነው።

ባለፈው ጥር እንዲህ ወፏን እያየሁ ሳለ ፍልፈሉ ብቅ አለ። የወጣው ግማሽ አካሉ ነው፤ ኋላው ከቀዳዳው አልተላቀቀም። ዓይኖቹ አናቱ ላይ ናቸው፣ ስለዚህ መሬት ላይ ተለጥፎም ዙሪያውን ያያል። ሣሩን በነዚያ ትልልቅ የፊት ጥርሶቹ ነጨት ነጨት አድርጎ ወደ ኋላ ገባ። ደግሞ ወጣ። ቀበሮዋ በግራ በኩል መጣች። ደረቷ ነጭ፣ ጀርባዋ ቀይ፣ የጭራዋ ጫፍ ጥቁር። ፍልፈሉ ሲገባ ሁለት ሦስት እርምጃ ትሄዳለች፤ ሲወጣ አንድ እግሯን እንዳነሳች ደርቃ ትቀራለች። ሆዷ ሣሩን ይነካል። ይህ ነገር ደቂቃዎች ፈጀ፣ ሹፌራችን እንኳ ስልኩን አስቀምጦ አፉን ከፍቶ ያይ ነበር። ከዚያ ዘለለች። ሳተች። እስከ ትከሻዋ ገብታ መቆፈር ጀመረች፣ አፈሩ በኋላ እግሮቿ መሃል ይረጫል። በመጨረሻ አፍንጫዋን አፈር አልብሳ ወጣችና ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ሌላ ቀዳዳ ሄደች።

ስለ ዕቃ ብዙ አልልም። ባለ 8 በ42 መነጽር (8 እጥፍ የሚያጎላው) ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሚያጎላው በመኪና ውስጥ ይንቀጠቀጣል። መስኮቱን ግማሽ አውርዱና ጋቢ አጣጥፋችሁ ጠርዙ ላይ አድርጉ፣ መነጽሩን እዚያ ላይ አስደግፉ። ከሹፌሩ ጋር ደግሞ ሳትነሱ ተነጋገሩ። ሞተር ካልጠፋ ምስሉ ይርገበገባል። በራችሁን አትክፈቱ። ቀበሮው መኪናውን ከቁብ አይቆጥረውም፤ ሰው ሲወርድ ግን ይሸሻል።

አንድ ያናደደኝ ነገር ልናገር። ከፊታችን የነበረ መኪና ውስጥ ያሉ ሰዎች ፎቶ ለማንሳት ብለው ለቀበሮ ብስኩት ሲወረውሩ አይቻለሁ። መንገድ ዳር መብላት የለመደ ቀበሮ መጨረሻው ጎማ ስር ነው። ውሻ ይዞ መምጣት ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያም በ2003ም እ.ኤ.አ. የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ውስጥ ቀበሮዎቹን ክፉኛ ጨርሷቸዋል። በሽታው የሚመጣባቸው ከቤት ውሻ ነው።

ከሳነቴ በፊት የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለበት ዲንሾ ማደርም ጥሩ ነው። ሰውነት ከፍታውን ይለምዳል፣ ራስ ምታቱም ይቀንሳል። በዚያውም ጠዋት ጋይሳይ ሜዳ ላይ ከመንገዱ ሳትርቁ የደጋ አጋዘን ታያላችሁ። ከኢትዮጵያ ውጪ የሌለ እንስሳ ነው። ወንዱ በጥምዝ ቀንዱ ይለያል፤ ሴቷ ቀንድ የላትም። ከርከሮና ቦሆር አብረውት ይግጣሉ። የምኒልክ ድኩላ ደግሞ ዲንሾ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ጥዱ ስር ሲዘዋወር ይገኛል።

የሚቀጥለው ዕቅዴ ሰሜን ሸዋ ያለው መንዝ ጓሳ ነው። እዚያ ቀበሮው የጭላዳ መንጋ መሃል ገብቶ አይጥ ያድናል። ጭላዳዎቹ አይሸሹትም፣ እሱም ግልገላቸውን አይነካም። ተመራማሪዎች ሲቆጥሩት ከጭላዳ ጋር ሲሆን ከሙከራው 67 በመቶው ሲሳካለት፣ ብቻውን ሲሆን 25 በመቶው ብቻ ነው። እዚያም እንደ ሳነቴው መኪና ውስጥ ተቀምጦ መጠበቅ ያዋጣ እንደሆነ፣ ወይስ በእግር መሄድ ግድ እንደሆነ የሄዳችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። በተለይ በክረምት የሄዳችሁ፤ የመንገዱን ሁኔታ ሳላውቅ አነስተኛ መኪና ይዤ መውጣት አልፈልግም።