ዓሦቹስ?

ነገሩ ካለፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ዛሬም መኪና እየነዳሁ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ። ወዲያው ደግሞ ደሜ ይፈላል።

ጆርጂያ ውስጥ ነው፤ ከአትላንታ አንድ ሰዓት ገደማ የሚያስነዳ ቦታ። የምሠራበት ድርጅት በግል የተያዙ ትንንሽ ግድቦችን እየዞረ ያያል፣ ሪፖርት ይጽፋል። ያን ቀን የደረሰኝ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ አንድ ገበሬ ለከብቶቹ ውሃ ብሎ የሠራው የአፈር ግድብ ነበር። ቁመቱ 22 ጫማ ነው፤ ሰባት ሜትር አይሞላም። ገበሬው ሞተ፣ መሬቱ ተሸነሸነ፣ ቤት ተሠራበት። ኩሬው «ሐይቅ» ተባለ። አሁን ጀልባ አለው፣ መንጠቆ ይጣልበታል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሥጋ ጥብስ ይጨስበታል። ባለቤቱ የነዋሪዎች ማኅበር ነው። ሊቀመንበሩ ሰማንያን የተጠጉ ሽማግሌ ናቸው።

ሰባት ሜትር የማይሞላ ግድብ ሲባል የምትስቁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም ወሎ በመስኖ ግድቦች ላይ ስሠራ ከዚህ የሚበልጡ ነበሩን፤ ጭንቀታችን ደለል ነበር። እዚህ ግን በስቴቱ ሕግ ቁመቱ 25 ጫማ ባይደርስም የሚይዘው ውሃ 100 ኤከር ፉት (123 ሺህ ሜትር ኩብ ገደማ) ከሞላ ሕጉ ይይዘዋል። ቢፈርስ ሰው ይገድላል ተብሎ ከተገመተ ደግሞ «ምድብ አንድ» ይባላል። ምድቡ የግድቡን ጤና አይነግርህም፤ ከሥሩ ማን እንደተኛ ነው የሚነግርህ። ይሄኛው ሲሠራ ከሥሩ ጫካ ነበር። አሁን 11 ቤት አለ።

ሕጉም ዝም ብሎ አልመጣም። በ1977፣ ኖቬምበር 6 ሌሊት፣ እዚያው ጆርጂያ ቶኮዋ ፏፏቴ አጠገብ ኬሊ ባርንስ የሚባል የአፈር ግድብ ተደረመሰ። ከሥሩ ኮሌጅ ነበር፤ ሰዉ እንቅልፍ ላይ። 39 ሰው ሞተ። ያም ግድብ ድሮ መብራት ያመነጭ የነበረ፣ በኋላ ግን መዝናኛ ብቻ የሆነ ነው። የግድብ ደኅንነት ሕጉ በዓመቱ ወጣ። ሥራ ስጀምር መጀመሪያ የነገሩኝ ይሄንን ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ግድቡ ላይ ስወጣ በውጪኛው ቁልቁለት ላይ ግንዳቸው የሰው ወገብ የሚያህል ጥዶች ቆመዋል። «ዛፍ ትከል» እየተባለ ላደገ ሰው «እነዚህ ይቆረጡ» ብሎ መጻፍ ይከብዳል። ግን ዛፉ በነፋስ ሲገነደስ ሥሩ አፈሩን ይዞ ይነሣል፤ ሲሞት ደግሞ የበሰበሰው ሥር ለውሃው መንገድ ይከፍታል። ጻፍኩ። ግርጌው ላይ ረጠብ ያለ ሣር አገኘሁ፤ የሚወጣው ውሃ ጥርት ያለ ነው፣ አፈር አልያዘም። ፎቶ አንሥቼ አለፍኩ።

ከዚያ ማስተንፈሻው ጋ ደረስኩ። ትርፉ ውሃ በጎን የሚወጣበት፣ እኛ ስፒልዌይ የምንለው የኮንክሪት ቦይ ነው። ስፋቱ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። አፉ ላይ ከዳር እስከ ዳር የዶሮ ቤት ሽቦ ተወጥሯል። ሽቦው ላይ የጥድ ቅጠል፣ ቅርንጫፍ፣ የቢራ ቆርቆሮ፣ አንድ የልጅ ነጠላ ጫማ ተለጥፏል። ግማሹ ተደፍኗል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ወንፊት ነው» አሉ ሽማግሌው ኮራ ብለው። «በራሴ እጅ ነው የሠራሁት።»

(በእንግሊዝኛ አንተና አንቱ የለም። እኔ ግን እዚህ አገር ስንት ዓመት ኖሬ ሽበት ሳይ ውስጤ አንቱ ይላል። ለዚህ ሥራ ጥሩ አይደለም።)

ሐይቁን አረም ያስቸግረዋል። ስለዚህ ማኅበሩ ግራስ ካርፕ የሚባለውን ሣር በል ዓሣ ገዝቶ ለቆበታል። ይሄ ዓሣ ወራጅ ውሃ ካገኘ ተከትሎ መሄድ ይወዳል። ወንፊቱ ለዚያ ነው።

«አንዱ ስንት እንደሚሸጥ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«18 ዶላር። 40 ገዝተናል።»

አስረዳኋቸው። ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ ቅጠሉን ሁሉ ጠርጎ እዚህ ያመጣዋል፣ ወንፊቱ ይደፈናል፣ ውሃው መውጫ ሲያጣ በግድቡ አናት ላይ ይሄዳል። የአፈር ግድብ ደግሞ ውሃ ከአናቱ ከፈሰሰበት እንደ ስኳር ነው።

«ይሄ ግድብ ሰባ ዓመት ሊሞላው ነው» አሉ።

«ወንፊቱስ?»

«ባለፈው ፀደይ ነው የሠራሁት።»

ዝም አልኩ፤ ራሳቸው ይሰሙታል ብዬ። አልሰሙትም። ስለዚህ የመጨረሻ ጥይቴን አወጣሁ፤ የጆንስታውንን ታሪክ። ፔንስልቬንያ፣ 1889፣ ሜይ 31። ሳውዝ ፎርክ የሚባል ያረጀ የአፈር ግድብ። ባለቤቱ የሀብታሞች የዓሣ ማጥመጃና የአደን ክለብ ነው፤ የብረት ከበርቴዎቹ ካርኔጊና ፍሪክ ሳይቀሩ አባል ነበሩ። ሠረገላ እንዲተላለፍበት ብለው የግድቡን አናት ዝቅ አደረጉት። ከሥር ውሃ ማስወጫ የነበሩት ቧንቧዎች ከእነሱ በፊት ተነቅለው ተሸጠዋል፤ አልተኩም። ማስተንፈሻው ላይ ደግሞ ዓሣ እንዳያመልጥ የብረት ወንፊት አደረጉበት። ዝናቡ ሲመጣ ወንፊቱ በቆሻሻ ተደፈነ። ሰዎቹ መጨረሻ ሰዓት ላይ ሊያጸዱት ታገሉ፤ አልሆነም። ግድቡ ሄደ። 2,209 ሰው ሞተ።

ቁጥሩን ቀስ ብዬ፣ እየቆረጥኩ ነው የተናገርኩት። ይህን ታሪክ ለስንት ባለ ግድብ ነግሬያለሁ። ቁጥሩ ላይ ስደርስ ሁሉም ዝም ይላል። አንዳንዱ ባርኔጣውን ያወልቃል።

ሽማግሌው ውሃውን ትክ ብለው አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ዓሦቹስ?»

«የቶቹ ዓሦች?»

«የክለቡ። ከውሃው ጋር ሄዱ?»

ፊታቸውን አየሁ፤ ቀልድ እንደሆነ ብዬ። አልነበረም። ከልባቸው አሳስቧቸዋል። እኔም መልስ አጣሁ። እውነት፣ ዓሦቹ የት ሄዱ? ይህን ያህል ጊዜ ሳወራው አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። «ሄደዋል» አልኩ በመጨረሻ፣ ለቅሶ ቤት እንዳለ ሰው ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«አየህ» አሉኝ። በእሳቸው ቤት ክርክሩን ረቱኝ።

ሪፖርቱን ስጽፍ «ወንፊቱ ወዲያውኑ ይነሣ» አልኩ። ማገጃ የግድ ካስፈለገ ደግሞ ቅጠል የሚያሳልፍ፣ ሰፋ ሰፋ ብሎ የተደረደረ አግድም የብረት ዘንግ ይሁን ብዬ ጨመርኩ። አለቃዬ በዕድሜ አሥር ዓመት ያንሰኛል። ግድብ ላይ የሚወጣው ጫማው ንጹሕ ሆኖ ለመመለስ ነው። ሪፖርቱ ከእሱ ጠረጴዛ ሲመለስ «ቢነሣ መልካም ነው» ሆኗል። ለምን ስለው «ደንበኛን አናስደነግጥም» አለኝ። «ወዲያውኑ» የሚለው ቃል ከደንበኛው በፊት እሱን አስደንግጦታል። ፈረመ፣ ተላከ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ከደቡብ የተነሣ የአውሎ ነፋስ ቅሪት መጣ። ማታ ነው። ቤቴ ጣሪያው ላይ ጠጠር የሚደፋበት ይመስላል። ባለቤቴ ተኝታለች፣ እኔ ስልኬ ላይ የዝናቡን ካርታ አያለሁ። አሥራ አንድ ቤት። አምስት ሰዓት ላይ ለሽማግሌው ደወልኩ። ከሥራ ደንብ ውጭ ነው፤ አውቃለሁ።

«አንሡት» አልኩ። ሰላምታም አላልኩም።

«ማን ነው?»

«የግድቡ ሰው ነኝ። ወንፊቱን አንሡት። ብቻዎን ግን አይውረዱ፣ ውሃው ይወስድዎታል።»

ጆሮዬ ላይ ዘጉት።

ጠዋት ስደርስ ዝናቡ አባርቷል። ግድቡ ቆሟል። ሽቦው በመቁረጫ ተበጣጥሶ ሣሩ ላይ ተጥሏል፤ ትልቅ የሞተ አውሬ ይመስላል። ማስተንፈሻው ሞልቶ እየጋለበ ይወርዳል። በግድቡ የውስጥ ዳገት ላይ ማዕበሉ የጣለው የጥድ ቅጠል መስመር ሠርቷል። ከመስመሩ እስከ አናቱ ለካሁ፤ አንድ ስንዝር። ወንፊቱ ቢኖር ኖሮ ያቺ ስንዝር ትቀር ነበር? ይመስለኛል። ማረጋገጥ ግን አልችልም። የእኛ ሥራ እንዲህ ነው፤ ያልፈረሰ ግድብ አይመሰክርልህም።

ሽማግሌው ፒክአፓቸው ውስጥ ተቀምጠዋል። ሌሊቱን ከጎረቤት ጎረምሳ ጋር፣ ወገባቸው ላይ ገመድ ታስሮ ነው የቆረጡት። ይህን የነገረኝ ጎረምሳው ነው። እሳቸው መስኮቱን ዝቅ አድርገው አንድ ቃል ብቻ አሉኝ።

«ሄዱ።»

በሳምንቱ ቢሮ ደረሰኝ መጣ። 40 ግራስ ካርፕ፣ በ18 ዶላር ሒሳብ፣ 720 ዶላር። ከሥሩ በእጅ «በእናንተ ኢንጂነር ምክር የጠፉ» የሚል ተጽፎበታል። አለቃዬ ምንም ሳይጽፍ፣ አንድ የጥያቄ ምልክት ብቻ አድርጎ ወደ እኔ አስተላለፈው። ያው ሰውዬ በወሩ ስብሰባ ላይ ምን ቢል ጥሩ ነው? «የሰጠነው ጥብቅ ምክር ሰፈሩን አድኗል።» ጥብቅ! «ቢነሣ መልካም ነው» የሚለውን ወረቀት አውጥቼ ላነብለት አስቤ ነበር። ቡና መጣ፣ ተውኩት። 720 ዶላሩን እስከ ዛሬ ማንም አልከፈለም። ደረሰኙ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ባለፈው ወር ለሚቀጥለው ዙር ስመለስ ሽማግሌው ግድቡ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ጥዶቹ እንዳሉ ናቸው። ማስተንፈሻው አፍ ላይ ደግሞ አዲስ ወንፊት አለ። ያው የዶሮ ቤት ሽቦ ነው፤ በዚህኛው ግን የብረት ፍሬምና ማጠፊያ አድርገውበታል።

«አዲስ ዓሣ ገዝተን ነው» አሉኝ፣ ገና ሳልጠይቃቸው። «ይሄኛው ግን ይከፈታል። ያንተን ምክር ሰምቼ ነው።»

«እስቲ ይክፈቱት።»

ጎንበስ ብለው እጀታውን ያዙ። ሳቡት። እንደገና ሳቡት። እኔም ወርጄ አብሬያቸው ሳብኩ።

ዝጓል።