አሥራ አምስት ወይስ ሃምሳ?

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ የማታ ነርስ ነኝ። እኛ ፎቅ ላይ ከሚሠሩት ብዙዎቹ የአገር ልጆች ናቸው። ከሚታከሙት አረጋውያን መካከልም ሐበሾች አሉ። ዋሽንግተንንና ዙሪያዋን የሚያውቅ ሰው በዚህ አይገረምም።

ነገሩ የተፈጠረው ሺፍት ስንቀያየር ነው። በዚያ ሰዓት የቀኑ ነርስ ለማታው ሪፖርት ይሰጣል። ማን በላ፣ ማን እንቅልፍ አልወሰደውም፣ ማን ወደቀ፣ የማን መድኃኒት ተቀየረ፣ ሁሉም በአፍ ይነገራል። ኮምፒዩተሩ ላይም ሁሉም አለ። ግን ሰው ቀድሞ የሚይዘው የሰማውን ነው።

ሪፖርት ሰጪው ጋሼ ነበሩ። ሁላችንም የምንጠራቸው እንደዚያ ነው። አገር ቤት በጤና ረዳትነት ገጠር ለገጠር ዞረዋል። እዚህ ከመጡ በኋላ እንደገና ተምረው የነርስነት ፈቃድ አወጡ። ተቀባይዋ አሜሪካዊት ነርስ ነች፤ ለፎቃችን አዲስ ነበረች። ጋሼ ስለ አንዲት የስኳር ታማሚ እናት እየነገሯት ነው። ሐኪሙ የማታ ኢንሱሊናቸውን ከፍ አድርጎታል። "ፊፍቲን ዩኒት" አሉ ጋሼ። ልጅቷ ወረቀቷ ላይ 50 ብላ ጻፈች።

ጽፋ እስክሪብቶዋን አቆመች።

"ትናንት ስንት ነበር?"

"ትዌልቭ።"

"ከ12 ወደ 50?"

"ኧረ ፊፍቲን ነው ያልኩሽ!"

"እኔ የሰማሁት ፊፍቲ ነው።"

አጠገባቸው ቆሜ ነበር። በእኔ ጆሮ ጋሼ ያሉት ጥርት ያለ አሥራ አምስት ነው። እሷ ደግሞ ብትምልም የሰማችው ሃምሳ ነው። ሁለቱም አልዋሹም። ኮምፒዩተሩ ተከፈተ፤ የሐኪሙ ትእዛዝ 15 ይላል። እናትየውም ምንም አልሆኑም።

ኢንሱሊን ቀልድ አያውቅም። ከፍተኛ ጥንቃቄ ከሚሹ መድኃኒቶች መካከል የሚመደብ ነው። በተለመደው ዓይነት አንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 ዩኒት ስላለ 15 ዩኒትም 50 ዩኒትም ያው በአንዲት ቀጭን መርፌ ውስጥ ይገባል። በዓይን ሲታይ ልዩነቱ ጥቂት ጠብታ ነው። በዕድሜ ለደከመ ሰው ግን ያቺ ጥቂት ጠብታ ስኳሩን አውርዳ ራሱን ልታስተው፣ ከዚያም አልፎ ልትገድለው ትችላለች። ልጅቷ ቆም ብላ ስለጠየቀች አመሰግናታለሁ። ሰው እንዳይከፋው ብሎ ዝም ማለት ቀላል ነበር።

ጋሼ ግን ከፍቷቸዋል። ኮሪደሩ ላይ ይዘውኝ ቆሙና፣ "ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ ፊፍቲን ማለት አይችልም ልባል?" አሉኝ። ምን እንደምመልስላቸው ጨነቀኝ። የጋሼ ቻርት ቢነበብ ሰዋስው አይዛነፍም። እኛ አገር ሁለተኛ ደረጃ የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ሳይንሱም ሒሳቡም። በእሳቸው ዘመን አስተማሪዎቻቸው ህንዶች ነበሩ። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ያውቁታል። ያልተማሩት ነገር ቢኖር የአሜሪካ ጆሮ ምን ይዞ እንደሚያዳምጥ ነው።

በዚያው ሌሊት ልጅቷ ዕረፍት ክፍል መጣች። "ሰውዬውን አስቀየምኳቸው እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ ለካ የራሷም ጉዳይ ነበራት። አማርኛ መማር ትፈልጋለች። ቀድሞ የሠራችው ዋሽንግተን ዲሲ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ሰዎች በቋንቋቸው የማገልገል ግዴታ አለባቸው። አማርኛም ከነዚያ ቋንቋዎች አንዱ ነው። እኛም ጋ በስልክ የሚያስተረጉሙ ባለሙያዎች አሉ፤ የሕክምና ውሳኔ ሲመጣ እነሱን ማለፍ አይቻልም፣ አይገባምም። ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ "ውሃ ላምጣልዎት?" ለማለት ማን አስተርጓሚ ይደውላል? እሷን ያስጨነቃት ይኸው ነበር።

ተስማማን። በዕረፍት ሰዓታችን እኩሌታው የእሷ፣ እኩሌታው የእኛ። በእሷ ተራ በአማርኛ ብቻ፣ በእኛ ተራ በእንግሊዝኛ ብቻ። "የእኛ" የምለው ጋሼን ጎትቼ ስላስገባኋቸው ነው። መጀመሪያ "እናንተ ተማሩ፣ እኔ ጡረታዬ ደርሷል" ብለው ነበር። የልጅቷን አማርኛ ሲሰሙ ግን ወንበር ስበው ተቀመጡ።

የመጀመሪያው ትምህርት ያው የፊፍቲን ነገር ሆነ። ልጅቷ ደም ሲቀዳ ክንድ የሚታሰርበትን ላስቲክ ከኪሷ አወጣች። ሁለቱን ጫፍ ይዛ "ፊፍ" ስትል ላላ አደረገችው። "ቲን" ስትል ግትር እስኪል ለጠጠችው። ከዚያ "ፊፍቲ" አለች፤ አሁን ላስቲኩ የተወጠረው መጀመሪያው ላይ ነው፣ "ቲ" ላይ ሟሸሸ። "እኔ የምሰማው ይህን ነው" አለች። "የመጨረሻዋን ን ብዙም አልጠብቃትም። ክብደቱ የት እንደወደቀ ነው የማዳምጠው።"

እኛ ደግሞ የምንጠብቀው ያቺኑ ን ነው። አማርኛ ክብደቱን ለሁሉም ፊደል እኩል ያከፋፍላል ማለት ይቻላል። ጋሼ "ፊፍቲን" ሲሉ ሁለቱን ክፍል እኩል ብለው፣ እንዲያውም የፊተኛውን ጫን አድርገው፣ ን-ዋን በፍጥነት ያልፏታል። አሜሪካዊ ጆሮ ያቺ ን ሳትደርሰው "ሃምሳ" ብሎ ወስኗል። ሠርቲንና ሠርቲም እንደዚያው ናቸው። እዚያ ላይ ሌላም ምልክት አለ። አሜሪካኖች "ሠርቲ" ሲሉ ቲ-ዋ ተልፈስፍሳ ወደ ዲ ትጠጋለች፤ "ሠርቲን" ላይ ግን ጠንካራ ቲ ናት።

ጋሼ ላስቲኩን ተቀብለው ሞከሩ። ፊፍ፣ ቲን። ፊፍ፣ ቲን። አንዴ እጃቸው ከያዘላቸው አፋቸውም ተከተለ። እጅ እንዲህ አፍን ይመራል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ግን ከሁሉም ይበልጥብኛል። ጋሼ ላስቲኩን መልሰው ሰጧትና "እስቲ አሁን ፊፍቲን ዩኒት በይ" አሏት። አለች። ላስቲኩ የተለጠጠው መጀመሪያው ላይ ነው! ደገመችው፤ አሁንም ፊተኛው። ልጅቷ ራሷ ደነገጠች። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ጠባይ አለው። ቃሉ ብቻውን ሲቆም ክብደቱ መጨረሻው ላይ ነው። ከኋላው ሌላ ክብደት ያለው ቃል ሲከተለው ግን ወደ ፊት ይሸሻል። ስለዚህ "ፊፍቲን ዩኒት" ባሏት ጊዜ ጋሼ ያን ያህል አልሳቱም። የአገሬው ሰውም እንደዚያው ይላል፤ የአገሬው ሰውም ይሳሳታል።

መፍትሔውም የተገኘው በሙያው ውስጥ ነው። እዚህ አገር የመድኃኒት ስህተትን ለመከላከል የሚሠሩ ባለሙያዎች እንደዚህ ያለ ቁጥር በቃል ሲነገር በነጠላ አኃዝ እንዲደገም ይመክራሉ፦ "ፊፍቲን፣ ዋን ፋይቭ"። ሰሚውም ጽፎ መልሶ ያነባል። የሐኪም የስልክ ትእዛዝ ሲሆንማ ይህ መልሶ ማንበብ የተለመደ ሕግ ነው። እርስ በርስ ሪፖርት ስንሰጣጥ ግን እንዘነጋዋለን።

አብራሪዎች ከእኛ በፊት ገብቷቸዋል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለሬዲዮ ንግግር ባወጣው አጠራር ሦስት "ትሪ" ነው፣ ሺህ "ታውሳንድ" ነው፣ ዘጠኝ "ናይነር" ነው። ልብ በሉ፤ ምላስን በጥርስ መካከል አውጥቶ የሚባለው ያ አስቸጋሪ ድምፅ ጭራሹኑ ቀርቷል። የእኛ ሰው ዓመት ሙሉ መስታወት ፊት ቆሞ የሚለማመደው እኮ እሱን ነው። "ትሪ" ስላለ የሚያፍር ስንት ሰው አውቃለሁ። ከልቤ የምለው፣ ያን ድምፅ ለጊዜው ተዉት። ማንም በሱ አይጎዳም። ጉልበታችሁን ክብደቱ ላይ አውሉት።

ሆሄያቱን በተመለከተም ጋሼ ብሶት ነበራቸው። "ዉንድ" የሚባለውን ቁስል "ዋውንድ" ይሉት ነበር፤ ሳውንድ፣ ራውንድ፣ ግራውንድ ብሎ የተማረ ሰው ምን ያድርግ? ጉልበት ሲጻፍ ከፊቱ ኬ አለችው፤ አትነበብም። ሳል መጨረሻው ላይ ጂ እና ኤች ተሸክሞ "ኮፍ" ይባላል። "ኮምፎርታብል" ብለው በየአልጋው የሚጠይቁት ቃል አሜሪካኖች አፍ ውስጥ ግማሹ ተውጦ "ካምፍተብል" ሆኗል። "የጻፉትን የማያነቡ ሰዎች!" አሉ።

ምክንያት ግን አለው። ያቺ የጉልበት ኬ ድሮ ትነበብ ነበር። የሳሉ ጂ እና ኤች ከጉሮሮ የሚወጣ እንደ ኸ ያለ ድምፅ ነበራቸው። ማተሚያ ቤት እንግሊዝ የገባው እ.ኤ.አ. በ1476 ነው። አጻጻፉ በማተሚያው ቀስ በቀስ ሲረጋ የሰው አፍ ግን መለወጡን አላቆመም። ፊደሉ ቀረ፣ ድምፁ ሄደ።

ይህን ስንነጋገር ልጅቷ የፊደል ገበታዋን አምጥታ ሀ፣ ሐ እና ኀ ላይ ጣቷን አሳረፈች። "እነዚህስ?" ጋሼ ዝም አሉ። እውነቷን ነው። በጥንት ግእዝ ሦስቱም የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። አማርኛ ድምፁን ጥሎ ፊደሉን አስቀረ። እሷ በዚህ አላበቃችም። "የት ጋ ያምዎታል?" ብዬ ጽፌ ሰጥቻት ነበር። እኛ ስንናገር የምትሰማው ግን "ያሞታል" ነው። የባሰው ደግሞ ሽፍታ ነው። አንዲት እናት ክንዳቸውን እያሳዩ "ሽፍታ ወጣብኝ" አሏት። መዝገበ ቃላት ስታይ ያገኘችው ጫካ የገባ ወንበዴ ነው። የቆዳው ሲሆን ፍ ትጠብቃለች፣ የጫካው ሲሆን ትላላለች። ፊደላችን ደግሞ መጥበቅና መላላትን አያሳይም። አማርኛ እንደተጻፈ ይነበባል ስንል የኖርነው እኛ ስለምናውቀው ነው።

በእሷ ተራ ከሁሉም ያስለፋት ቀ እና ጠ ነው። "ይጠጡ" ለማለት ስትሞክር "ይተቱ" ይወጣባታል። ጋሼ ትንፋሽሽን ያዢና ፈንዳ አድርጊው አሏት። ወረቀት ከአፏ ፊት ይዘው ወረቀቱ መንቀጥቀጥ የለበትም አሉ። የእንግሊዝኛ ቲ ወረቀቱን ይገፋዋል፣ የእኛ ጠ አይገፋውም። አገኘችው። መጀመሪያ "ጠጪ" ብላ ለአንዲት ባልቴት ስትናገር ስለሰማኋት ለትልቅ ሰው "ይጠጡ፣ እማማ" እንደሚባልም ያን ዕለት አስጠናናት።

የቋንቋ ልውውጥ ከክፍል ትምህርት የሚለይበት ነገር እዚህ ጋ ነው ብዬ አምናለሁ። አስተማሪ አጥርቶ ያወራልሃል፣ ተሳስተህም ይገባዋል። ጠ የምታስቸግረው ሰው ግን የአንተን ችግር አይንቅም። ያልሰማውንም "አልሰማሁም" ለማለት አያፍርም። ጋሼ ከዚያች ልጅ የተቀበሉትን እርማት ከሱፐርቫይዘር ቢመጣ አይቀበሉትም ነበር።

አሁን እኛ ፎቅ ላይ ከ13 እስከ 19 ያለ ቁጥር ሁሉ በነጠላ አኃዝ ይደገማል። ሠላሳ፣ አርባ፣ ሃምሳም እንደዚያው። ማንም ያዘዘን የለም፤ ጋሼ ጀመሩት፣ ሌላው ተከተለ። አዲስ የሚመጡትንም የሚያለማምዱት እሳቸው ናቸው።

ያልጨረስነው ካንና ካንት የሚሉትን ቃላት ነው። አሜሪካኖች "ይችላል" ሲሉ ቃሉን አሳጥረው "ክን" ነው የሚሉት። "አይችልም" ሲሆን ድምፁን ጎላ አድርገው ቲ-ዋን ይውጧታል። የእኛ ሰው "ሺ ካን ዎክ" ብሎ ካን-ን አጉልቶ ሲናገር፣ በእነሱ ጆሮ ታማሚዋ መራመድ አይችሉም ማለት ነው። ሰው ከአልጋ ለማውረድ አንድ ሰው ይበቃል ወይስ ሁለት የሚለው የሚወሰነው በዚህ ነው። ለጊዜው ስለ አቅም ስንናገር "ኤብል ቱ"፣ ሲከለከል "ካኖት" ብለን ሙሉውን እንጠራለን። ጋሼ በዚህ አልረኩም። ላስቲኩን ይዘው "ክን" እያሉ እየተለማመዱ ነው።