ፋይሉ ጠረጴዛ ላይ ሲያድር

የዛሬ ውሎ ከፍሳሽ መስመር ዲዛይን ጋር ነበር። የገጠር ከተሞች የፍሳሽ መስመር ሥራ የሚጓተተው ቧንቧ ጠፍቶ አይመስለኝም፤ ፊርማው በተራ ስለሚሄድ ነው። የማጣሪያ ጣቢያው መሬት ሳይለይ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማው አይጸድቅም፣ እሱ ሳይጸድቅ በጀት አይለቀቅም፣ በጀቱ ሲለቀቅ ደግሞ የጨረታው ዋጋ የሚጸናበት ጊዜ አልፏል። እንደገና ጨረታ!

ትልቁ ጉዳት ግን ከመሬት በታች ነው። 200 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ደለል እንዳይዝ ቢያንስ 0.4 በመቶ ያህል ተዳፋት ይፈልጋል፤ በ100 ሜትር 40 ሳንቲ ሜትር መውረድ ማለት ነው። ፋይሉ ሲያድር መንገድ ሥራው ይቀድምና የጎርፍ ቱቦው ልክ ለፍሳሽ ቧንቧው በታሰበው ከፍታ ላይ ይቀበራል። ያኔ ወይ በጥልቀት መቆፈር ነው፣ ወይ ፓምፕ መጨመር። ፓምፕ ደግሞ መብራት፣ መለዋወጫና ባለሙያ ይፈልጋል፤ ትንሽ ከተማ ውስጥ ሦስቱ አንድ ላይ ከተገኙ ተአምር ነው። ተዳፋቱን ቀንሶ ማለፍ የሚያምራቸውም አሉ። ፍሳሹ በሰከንድ 0.6 ሜትር ገደማ ካልሄደ ጠጣሩ ቧንቧው ውስጥ ይተኛል፤ ከላይ ያለው ማንሆል (የመስመሩ መፈተሻ ጉድጓድ) ሞልቶ ሲገነፍል ምስጢሩ ይወጣል።

ሌላው ቢቀር መንገድ ማቋረጫ ቧንቧዎቹን ከአስፋልቱ በፊት መቅበር ይቻላል። ጫፋቸውን ደፍኖ፣ ከፍታቸውን መዝግቦ። ለዚህ ሙሉ በጀት መጠበቅ አያስፈልግም።