አልኮሉን አትድፉ፦ ከደሴ ገደል ሥር ዓይን አልባ ፍጥረት ስፈልግ

ይህን የምጽፈው ትንንሽ እንስሳትን በአልኮል ብልቃጥ አድርጎ ለባለሙያ መላክ የሚፈልግ ሌላ መምህር ወይም ተማሪ፣ ኮምቦልቻ ላይ የደረሰብኝ እንዳይደርስበት ነው። ሥራዬ የተበላሸው በዋሻው ጨለማ ውስጥ ወይም በማይክሮስኮፕ ሥር አይደለም፤ በአንድ የዕቃ መቀበያ መስኮት ላይ ነው። አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃኝ ነበር።

የምፈልገው ፍጥረት አይሶፖድ ይባላል። ደሴ ውስጥ ጓሮ ያለው ሰው ሁሉ አይቶታል፤ እርጥብ ድንጋይ ወይም የበሰበሰ ግንድ ሲገለበጥ የሚሯሯጠው፣ ጀርባው በግራጫ ቅርፊት የተደራረበው ትንሽ ነገር ነው። ብዙ ሰው ከነፍሳት ይቆጥረዋል። ነፍሳት ግን እግራቸው ስድስት ሲሆን የዚህ አሥራ አራት ነው፤ የቅርብ ዘመዶቹም ሸርጣንና ሽሪምፕ ናቸው። ከባሕር ወጥቶ የብስ ላይ የቀረ ወገን በመሆኑ አተነፋፈሱ ዛሬም እርጥበት ይፈልጋል። ከሆዱ ሥር ያሉት አምስት ጥንድ ቅጠል መሰል አካላት መተንፈሻዎቹ ናቸው። እናቲቱም እንቁላሎቿን መሬት ላይ አትጥልም፤ በእግሮቿ መካከል ባለ ፈሳሽ የያዘ ከረጢት ውስጥ ታሳድጋቸዋለች። ግልገሎቹ ከከረጢቱ ሲወጡ ሰባተኛው ጥንድ እግር ገና አልበቀለላቸውም። ይህን የማያውቅ ሰው አሥራ ሁለት እግር ቆጥሮ አዲስ ዝርያ አገኘሁ ሊል ይችላል።

ልቤን የወሰደው ግን ጨለማ ውስጥ የሚኖረው ወገን ነው። ከሁሉም የታወቀው ቲታኔተስ አልቡስ ነው፤ ጀርመናዊው ኮክ እ.ኤ.አ. በ1841 ለሳይንስ ያስተዋወቀው። ዓይን የለውም፤ ቀለም የለውም፤ አንቴናዎቹ (ከጭንቅላቱ የወጡት መዳሰሻዎች) እና እግሮቹ ከጓሮው ዘመዱ ይልቅ ረዣዥም ናቸው። ብርሃን በሌለበት ቦታ ዓይን መሥራት ብክነት ነው፤ መዳሰስና ማሽተት ግን ሕይወት ነው። ወገኑ በደረቅ አገር የሚኖሩት አይሶፖዶች ያበጁት ሳንባ መሰል አካል ስለሌለው፣ አየሩ በውኃ ተን ከጠገበ ዋሻ ርቆ መኖር አይችልም፤ ውኃ ውስጥ ገብቶም ይራመዳል። የሚገኘው በስሎቬኒያ፣ በጣሊያን ትሪየስቴ አካባቢና በክሮኤሺያ የኖራ ድንጋይ ዋሻዎች ውስጥ ነው። ከአንዱ ተራራ ዋሻ ወጥቶ፣ ፀሐይ የሚመታውን ሜዳ አቋርጦ ወደ ሌላው መሻገር አይሆንለትም። ስለዚህ የዋሻ እንስሳት አብዛኛውን ጊዜ የሚኖሩበት አገር እጅግ ጠባብ ነው፤ አንድ ዋሻ ሲፈርስ ወይም ሲበከል አንድ ዝርያ አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ አጥብቄ የማምንበትን ነገር ልናገር። በካርታ ላይ የምናያቸው ነጠብጣቦች እንስሳው ያለበትን ብቻ ሳይሆን ሰው ሄዶ የፈለገበትንም ያሳያሉ። ስለ አውሮፓ ዋሻዎች ብዙ የሚታወቀው ከመቶ ሰማንያ ዓመት በላይ ስለተፈለገባቸው ነው። ሐሳቤን ያማከርኩት ሰው፣ «ደሴ ባዝልት ነው፤ የዋሻ እንስሳ ከፈለግህ ባሌ ሂድ፣ ሶፍ ዑመር ግባ» አለኝ። እውነት ነው፣ ሶፍ ዑመር የወይብ ወንዝ በኖራ ድንጋይ ውስጥ የቦረቦረው ታላቅ ዋሻ ነው፤ የወሎ ደጋ ደግሞ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ማለትም በባዝልት፣ የተነባበረ ነው። ነገር ግን ዓይን የሌላቸው አይሶፖዶች በሃዋይ የእሳተ ገሞራ ዋሻዎች ውስጥም ተገኝተዋል። በተጨማሪም ከአፈሩ በታች በተሰነጣጠቀ ድንጋይ መካከል ያለው ባዶ ቦታ፣ ሰው የሚገባበት ዋሻ ባይሆንም፣ ለእንደዚህ ያሉ ፍጥረታት መኖሪያ እንደሚሆን ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980 አሳይተዋል። «ባዝልት ነው» የሚለው መልስ ፍለጋውን ለማስቆም አይበቃም። አሁንም አይበቃም እላለሁ።

ቦታውን ያሳዩኝ ከከተማው ወጣ ብሎ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ድሮ ፍየል ያሳድሩበት የነበረ፣ ውስጡ ውኃ የሚያንጠባጥብ የገደል ሥር ዋሻ ነው። «ለመድኃኒት ነው ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ። ለትምህርት ነው ስላቸው፣ «እንግዲያው ጅብ እንዳይኖር እኔ ልቅደም» ብለው ፋኖሳቸውን ይዘው ገቡ። ከቀበሌው ፈቃድ ወሰድኩ፤ ቀላል ነበር። ሥራው የእጅ ባትሪ፣ ለስላሳ የቀለም ብሩሽና ትንንሽ ብልቃጥ ይፈልጋል። ወረንጦ አልመክርም፤ እግር ይሰብራል። መመሪያዎች በበጋ ሂዱ ይላሉ፣ መንገዱ ስለሚመች። እኔ በክረምት ወይም በበልግ ዝናብ ሂዱ እላለሁ፤ በበጋ እንስሳቱ እርጥበት ተከትለው ወደ ጥልቁ ስንጥቅ ይወርዳሉ። የበሰበሰ እንጨት አኑራችሁ ከሳምንታት በኋላ ብትመለሱ ራሳቸው ይሰበሰባሉ። ጥቂት ብቻ ውሰዱ፤ በጨለማ ውስጥ ምግብ ትንሽ ነው፣ የእንስሳቱም ቁጥር እንደዚያው።

ነጭ የሆነ ሁሉ ዓይነ ስውር አይደለም። አይሶፖድ ቅርፊቱን የሚጥለው በሁለት ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ የኋላውን ግማሽ፣ ከዚያ የፊቱን። በዚያ መካከል የተያዘ እንስሳ ገርጥቶ ይታያል። ግልገሎችም የገረጡ ናቸው። አልኮል ደግሞ የብዙዎቹን ቀለም ያጥባል። ስለዚህ ብልቃጥ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በሕይወት እያለ ፎቶ ይነሣ፣ ጭንቅላቱም በማይክሮስኮፕ ይታይ። በጓሮው ዝርያ ዓይኑ የብዙ ጥቃቅን ዓይኖች ስብስብ ነው፤ በትንንሾቹ ወገኖች ግን በጭንቅላቱ ጎን ያሉ ሦስት ወይም አንድ ጥቁር ነጥብ ብቻ ሊሆን ይችላል። በትምህርት ቤታችን ማይክሮስኮፕ ሳያቸው አብዛኞቹ ይህ ነጥብ ነበራቸው። ጥቂቶቹ ላይ ግን ደጋግሜ ፈልጌ አጣሁት። የዚያን ቀን ደስታዬን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ነጥቡን አጣሁ ማለት ዓይን የለም ማለት ላይሆን ይችላል፤ ማይክሮስኮፑም አሮጌ ነው። ማረጋገጥ የሚችለው እነዚህን እንስሳት የሚያውቅ ሰው ነው፤ እርሱም አዲስ አበባ ነበር። እያንዳንዱን ብልቃጥ በ75 ከመቶ አልኮል ሞላሁ። ብዙዎች 96 ከመቶ ካልሆነ አይሆንም ይላሉ፤ ለዘረ መል ምርመራ እውነታቸውን ነው፣ ለአካል ጥናት ግን ያደርቃል፣ እግሩም ሲነኩት ይሰበራል። መለያውን በእርሳስ ጽፌ ከብልቃጡ ውስጥ ጨመርኩ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይሟሟል። ከዚያ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ።

የዕቃ መላኪያው ስም ይቅር። በመስኮቱ ያለው ወጣት፣ «መምህር፣ ውስጡ ምንድን ነው?» አለኝ። ነገርኩት። የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ አየና «ለሚመለከተው ሁሉ ነው የሚለው፤ ለእኛ ተብሎ መጻፍ አለበት» አለ። ያንን ዳገት ተመልሼ ወጣሁ፤ አዲስ ደብዳቤ፣ አዲስ ማኅተም። ስመለስ ሌላ ሠራተኛ ተቀምጧል። እርሱ ደግሞ እንስሳው በሽታ እንደማያስተላልፍ የሚገልጽ ማረጋገጫ ፈለገ። ማን እንደሚሰጥ ጠየቅሁት፤ አላወቀም። ቢሮ ለቢሮ ስንከራተት ከርሜ፣ የማያውቁትን ወረቀት የሚጠይቁ ሰዎች ፊት መቆም እንዴት እንደሚያደክም ተማርኩ። በመጨረሻ ኃላፊው ወጡ። «አልኮል ተቀጣጣይ ነው፤ በአውሮፕላን አይጫንም። ይድፉትና ደረቁን እንልክልዎታለን» አሉ። ቢደርቅ ዋጋ እንደሌለው፣ ብልቃጦቹ ከጣት እንደማይበልጡ አስረዳሁ። ሰምተው ሲያበቁ፣ «ደብዳቤውን ፎቶ ኮፒ አድርገው ይምጡ» አሉኝ። የተረዱኝ መሰለኝ።

ፎቶ ኮፒውን ይዤ ስመለስ አልኮሉ ተደፍቷል። ብልቃጦቹ እንስሳቱን እንደያዙ ያለ አልኮል በጥንቃቄ ተከድነዋል፤ ካርቶኑ ታሽጎ «ደረቅ ዕቃ» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ወደ ውስጥም ገብቷል። ይመለስልኝ ብዬ ለመንኩ። «የታሸገ አይመለስም» አሉ። በክፋት አላደረጉትም፤ እንዲያውም የረዱኝ መስሏቸው ነበር። ያም ሆኖ ንዴቴ እስከ ዛሬ አልበረደም። የሰው ንብረት ባለቤቱ በሌለበት አይከፈትም፤ ያላወቁትንም ነገር ማስተካከል ሥራቸው አልነበረም።

ባለሙያው ከቀናት በኋላ ደወሉልኝ። እንስሳቱ በኮምቦልቻ ሙቀት ተኮማትረዋል፤ አንቴናዎቹ ተሰብረዋል፤ ጥቂቶቹ ላይ ጭንቅላቱ ተጨማድዶ ዓይን ይኑር አይኑር መለየት አልተቻለም። የአንቴናው ጫፍ ስንት ክፍል እንዳለው አንዱ ወገን ከሌላው የሚለይበት ዋና ምልክት ስለሆነ፣ እርሱ ከሌለ ብዙ ነገር የለም። የደረቀን ናሙና ትራይሶዲየም ፎስፌት የሚባል ጨው በሟሟበት ውኃ ማለስለስ ይቻላል፤ ሞከሩት። የተሰበረው ግን አይቀጠልም።

ከዚያ ነው ባለሙያው ማንም ያልነገረኝን የነገሩኝ። የዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር የአደገኛ ዕቃዎች መመሪያ ልዩ ድንጋጌ ኤ180 የሚባል አንቀጽ አለው፤ የተጻፈው በትክክል ለእንደዚህ ያለ ናሙና ነው። በእያንዳንዱ ብልቃጥ ያለው አልኮል ከ30 ሚሊ ሊትር፣ በጠቅላላው ካርቶን ያለው ደግሞ ከ1 ሊትር መብለጥ የለበትም። ብልቃጡ በሙቀት በሚታሸግ ፕላስቲክ ይገባል፤ እርሱ ደግሞ ፈሳሽ ከሚመጥ ነገር ጋር በሁለተኛ ፕላስቲክ ይታሸጋል፤ ከዚያ ጠንካራ ካርቶን፣ ዙሪያውን ለስላሳ መደገፊያ። በላዩ ላይ የሳይንስ ምርምር ናሙና መሆኑ፣ ገደብ እንደሌለበትና ልዩ ድንጋጌ ኤ180 እንደሚመለከተው በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ይህ ሲሟላ እንደ አደገኛ ዕቃ አይቆጠርም። የእኔ ብልቃጦች ከመጠኑ እጅግ ያነሱ ነበሩ። ይህ አንቀጽ ዕቃ በሚቀበል መስኮት ሁሉ ላይ ተለጥፎ መታየት አለበት፤ ሠራተኛውም ሊማረው ይገባል። ወደ ውጭ አገር የሚልክ ሰው ግን ይህ ብቻ አይበቃውም፤ የጄኔቲክ ሀብት አዋጅ ቁጥር 482/1998 ፈቃድ ይጠይቃል፤ እዚያ ላይ አቋራጭ አትፈልጉ፣ አዋጁ ትክክል ነው።

ሁለተኛውን ካርቶን በዚህ መንገድ አሽጌ፣ የአንቀጹን ቅጂ በላዩ ለጥፌ በሌላ መላኪያ ሰጠሁ። ያለ ጥያቄ ተቀበሉት፤ እንስሳቱም እርጥብ እንደሆኑ ደረሱ። ነገር ግን በውስጡ የነበሩት ዓይን ያላቸው ናቸው፤ ያለ ነጥብ ያየኋቸው ሁሉ በመጀመሪያው ካርቶን ሄደዋል። የደረሱትም ሴቶች ብቻ ነበሩ። የአይሶፖድ ዝርያ በአብዛኛው የሚለየው በወንዱ የፊተኛ ሁለት ጥንድ የሆድ አካላት ቅርጽ ስለሆነ፣ ባለሙያው ከወገን ስም አልፈው ወደ ዝርያው ስም መሄድ አልቻሉም።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ሰው የምለው፣ ከአንድ ቦታ የተገኙትን ወንዱንም ሴቱንም ለሁለት ከፍላችሁ ግማሹን ቤት አስቀምጡ፤ ካርቶኑ ዓይናችሁ እያየ ይታሸግ፤ ፎቶ ኮፒ አምጡ ሲሏችሁም ካርቶኑን ይዛችሁ ውጡ። ሽማግሌው ባለፈው በልግ ደውለው ውኃው እንደገና መንጠብጠብ እንደ ጀመረ ነገሩኝ። ሄጄ ነጥብ የሌላቸውን አላገኘሁም፤ የበሰበሰውን እንጨት ግን በሦስት ስንጥቅ ውስጥ አኑሬ ተመልሻለሁ፤ ሐምሌ ሲገባ አነሣዋለሁ።